የገብርኤል ደጅ በረዶ

ያ የፈረንጅ አገር ዊንተር ክፉ ነበር። ጥር ላይ ቦጋለን ስትሮክ ጣለው። ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱ ታሰረ። ሆስፒታል ሰነበተ፣ ከዚያ መራመድና መናገር መልሶ ሊለማመድ ሪሃብ ገባ። ሲነዳት የኖረው ታክሲ ተሸጠች። ባለቤቱ የሺሀረግ ደብል ሺፍት ያዘች። ሮዝቪል ያለው አፓርታማቸው ቀኑን ሙሉ ሰው አልባ ሆኖ ይውል ነበር። በረዶው እስከ ሚያዝያ አልሄደም።

ሙቀቱ ሲመጣ ቦጋለ ተነሣ። ምላሱ ተፈታ፣ በከዘራ መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ብቻ እንደ ሰው ዕቃ ተንጠልጥላ ቀረች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ለዚህ ያበቃህን አመስግን» ይለዋል። እሱ እጁን አይቶ ዝም ይላል።

ዝምታው ምክንያት ነበረው። አልጋ ላይ ሳለ ተስሏል። «ገብርኤል ሆይ፣ ከዚህ አልጋ አንሣኝ፤ በበዓልህ ቀን የደጅህን በረዶ እጠርጋለሁ» ብሏል በልቡ። ምላሱ ሲፈታ ነግሯት ይህን የምታውቀው የሺሀረግ ብቻ ናት። የታኅሣሥ ገብርኤል መጣ፤ ቦጋለ ቤቱ ዋለ። በዓመቱም መጣ፤ አሁንም ቤቱ ዋለ።

«በአንድ እጅ በረዶ አይጠረግም» ይላል። «እጄ ይመለስ፣ ያን ጊዜ ስለቴን አገባለሁ።»

«ስለት አስቀርቶ የቀናው ማን አለ?» ትላለች የሺሀረግ። ትፈራለች። እሱም ይፈራል፤ አይናገርም እንጂ። ባለዕዳ ያበዳሪውን ሰፈር እንደሚሸሽ፣ ከቤተ ክርስቲያን እግሩን ሰበሰበ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በዋዜማው፣ ጎረቤታቸው ዙለይሃ ልትጠይቃቸው ገባች። የወሎ ሴት ናት፤ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ያሰበችውን አታሳድርም። የሺሀረግ ሆድ ብሷት ኖሮ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላት።

«ጋሼ፣ እስቲ የተሳሉትን ቃል በቃል ይንገሩኝ» አለች ዙለይሃ።

«አንቺ ሙስሊሟ፣ በገብርኤል ስለት ምን አገባሽ?»

«የወሎ ሙስሊም ነኝ እኮ! እኛ አገር ስለት ያለበት ሰው የመንደሩ ሁሉ ጭንቅ ነው። ይንገሩኝ።»

ነገራት።

«ከአልጋ አንሣኝ ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«አሁን የተቀመጡት የት ነው?»

«ሶፋ ላይ።»

«ይኸውልዎ! የተዋዋሉት ስለ አልጋው ነው። እጅ የሚባል ነገር ውሉ ላይ የለም። መልአኩ ሥራውን ጨርሶ በር ላይ ቆሟል፤ እርስዎ ምራቂ ይጠይቁታል!»

የሺሀረግ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ቦጋለ አልሳቀም። እጁን አየ። ቀጥሎ እግሮቹን አየ። እነሱን ልብ ብሎ ካያቸው ቆይቷል።

«ነገ ወደ ሥራ ስትሄጂ ሴንት ፖል ከተማ፣ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ታደርሺናለሽ?» አለ።

«ድራይቭ አደርግዎታለሁ። አካፋም መኪናዬ ውስጥ አለ።»

በረዶው ሲጥል አደረ። ማለዳ ሲደርሱ ቅዳሴው ተጀምሯል፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ያለው መንገድ ነጭ ነው። ቦጋለ ከዘራውን ለሚስቱ ሰጠ። የአካፋውን እጀታ ሆዱ ላይ ደግፎ፣ በግራ እጁ አቅንቶ፣ በሰውነቱ ገፋ። አካፋው ተጠማዝዞ አመለጠው። አነሣና ደግሞ ገፋ። በረዶው ወደ ጎን መሄድ ጀመረ።

ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ከውስጥ ሮጦ ወጣ። «ኧረ አባቴ፣ ያምጡት እኔ ሾቭል ላድርገው!»

«ተው።»

«ታመዋል ሲባል ሰምቼ ነበር እኮ።»

«ድኛለሁ» አለ ቦጋለ።

የሺሀረግ ቀና ብላ አየችው። ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ሰውየው እጁን ሰብስቦ ቆመ።

ደረጃው ላይ አካፋው እምቢ አለ። ቦጋለ ሚስቱን ተደግፎ ወጥቶ ከላይኛው ላይ ተቀመጠና በግራ ክንዱ እየጠረገ፣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ፣ አንድ በአንድ ወረደ። ሱሪው ራሰ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ከመኪናዋ መስኮት ዙለይሃ «ጋሼ፣ ልጅ ሆኑ እኮ!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ሳቀ።

የመጨረሻው ደረጃ ሲጸዳ የሺሀረግ እልልታዋን አቀለጠችው። ከውስጥም ሴቶች ምክንያቱን ሳያውቁ ተቀበሏት። ዙለይሃ ሰዓቷን አይታ ወደ ሥራዋ ነዳች።

ቦጋለ ከዘራውን ተቀብሎ በጠረገው ደረጃ ወጣ። ጫማውን አወለቀና ገባ። ስለቱን አገባ።