የጎን ወረፋው

ያለምወርቅ የምትሠራበት ድርጅት እስራኤል ውስጥ፣ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሊፍቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ በሚበላሽ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪም ቤቶች ለበሽተኛ ቀጠሮ ሲሰጡ መልእክቱ በእነሱ ሰርቨር በኩል አልፎ የበሽተኛው ስልክ ላይ ይደርሳል። መልእክቶቹም እንደ ሰው ወረፋ ይይዛሉ። የትኛው ወረፋ ምን ይባላል፣ መልእክት አልሄድ ካለ ስንት ጊዜ ይሞከር፣ አሁንም እምቢ ካለ የት ይቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ድሮ በየሰርቨሩ እየዞሩ በእጅ የሚሞላ ነበር። በ2013 ያለምወርቅ መጣችና ሁሉንም ፕሮፐርቲስ በሚባል አንድ የማሰናጃ ፋይል ላይ መስመር በመስመር ጻፈችው፤ ፋይሉን አንብቦ ሰርቨሩን የሚያሰናዳ ስክሪፕትም ሠራች። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ቀይሮ ስክሪፕቱን ማስኬድ ብቻ ሆነ። በዚህ ሥራዋ ትኮራ ነበር፤ ብትኮራም ሲያንሳት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጧት፣ ሁሉም ነገር ወደ አዲስ ሰርቨር ሊሻገር ሆነ። የክፍሉ አለቃ ኢዶ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "የጎን ወረፋውን ተዪው፤ ማንም አይቶት አያውቅም። ሰርዢውና እስከ ቀትር እንጨርስ" አላት።

የጎን ወረፋ ማለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አልሄድ ያለ መልእክት የሚጣልበት ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክት ተከማችቶበታል። ያለምወርቅ በዕብራይስጥ "ቤሰደር"፣ እሺ፣ ብላ መሰረዣውን ትእዛዝ ጻፈች። ነገር ግን ደብዳቤን ሳያነቡ መቅደድ አይሆንላትም፤ ቤቷ ውስጥ የማስታወቂያ ወረቀት እንኳ አንብባ ነው የምትጥለው። አንዱን ከፈተች።

የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነው። ስም፣ ይታየሽ አለበል። የትውልድ ቀን፣ 00/00/1941።

ሁለተኛውን ከፈተች። የልብ ሐኪም፤ ባሕሩ የሚባሉ ሰው፤ 00/00/1938። ሦስተኛው፣ አራተኛውም እንዲሁ።

ክው አለች። በዚያ ፎቅ ላይ የዜሮ ዜሮን ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ከኢትዮጵያ ሲመጡ "መቼ ተወለድክ?" ቢባሉ "የአጨዳ ሰሞን" ከማለት በቀር የሚሉት አልነበራቸውምና የብዙዎቹ ቀንና ወር በመታወቂያቸው ላይ ዜሮ ሆኖ ቀርቷል። የአባቷ የቢራራም እንዲሁ ነው። ከአሥር ዓመቷ ጀምራ የአባቷን ቅጽ የምትሞላው እሷ ናት፤ ያንን ዜሮ ስንት ጊዜ በገዛ እጇ ጽፋዋለች! መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮግራም ግን ዜሮ የሚባል ወር አላውቅም ብሎ ይመልሰዋል። ያኔ ስክሪፕቷን ስትሞክር ያስገባችው የራሷን ልደት ነበር። የአባቷን ቀጠሮም ራሷ እየደወለች ስለምትይዝ እስከ ዛሬ ምንም አልታወቃትም።

ፋይሏን ገልጣ መስመሮቹን ተከተለች። ስንት ጊዜ ይሞከር፦ ሦስት። ከዚያ የት ይቀመጥ፦ ጎን። ለማን ይነገር፦ ባዶ። "በኋላ እሞላዋለሁ" ብላ የተወችው መስመር ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ማንም ሳያያት አፈረች።

መሰረዣው ትእዛዝ ተጽፎ ተቀምጧል። አንድ ቁልፍ ብትጫን ጥፋቷ ከነምልክቱ ውሃ ይበላዋል፤ ያዘዛትም አለቃዋ ነው። ይህን አሰበች፤ አላሰበችም ብል ዋሸሁ። ከዚያ ትእዛዙን አጥፍታ ተነሣች።

"አልሰርዘውም" አለችው ኢዶን። "ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀጠሯቸው አልደረሳቸውም። ጥፋቱም የእኔ ነው።"

ኢዶ የሆነውን እስከ መጨረሻው ሰማና ጺሙን አከከ። "እና ስክሪፕት ጽፈሽ ወደ ዋናው ወረፋ መልሻቸዋ! አምስት ደቂቃ ነው።"

"ምን ብዬ? በአምናው ማርች ኑ ብዬ?"

ኢዶ እጁን ከጺሙ አወረደ። "ያላ፣ በይ ሽግግሩ ይቆይ። ምን ያስፈልግሻል?" አላት።

"ስልክ።"

አስቀድማ ፕሮግራሙ ዜሮውን እንዲቀበል አስተካከለች። በባዶው መስመር ላይ የራሷን ስም ጻፈች። ከዚያ የዓይን ቀጠሮዎቹን ወደ ላከው ሐኪም ቤት ደውላ፣ ለምና፣ ለዓይን በሽተኞቹ አዲስ ቀኖች አገኘችና የመጀመሪያውን ቁጥር መታች።

"እማማ ይታየሽ ነዎት? ያለምወርቅ እባላለሁ፤ የቀጠሮ መልእክት ከሚልከው ድርጅት ነው የምደውለው።"

"እሰይ! የዓይኑ ቶር፣ ቀጠሮው፣ ደረሰ?" አሉ አሮጊቷ። ደስታቸው ከድምፃቸው ይሰማል።

"አዎ... እማማ፣ ይኸን ያህል ጊዜ ምነው ሳይጠይቁ?"

"ምን ብዬ ልጨቅጭቃቸው፣ ልጄ? ሐኪሙ 'እንጠራሻለን' አለኝ። ሰው ተራውን ይጠብቃል እንጂ ሌላውን ገፍቶ ይገባል? እኔስ ድንገት ከጠሩኝ ብዬ የእኅቴ ልጅ ሠርግ እንኳ አልሄድሁም።"

ያለምወርቅ የመልእክቱን ቀን ተመለከተች። "ሐኪሙስ ጠርቶዎት ነበር" አለች። "መልእክቱ እኔ እጅ ላይ ቀርቶ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"



"ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ" አሉ እማማ ይታየሽ። "የግራው ዓይኔ እንኳ መጠበቅ አልቻለም፤ አምና ጠፋ። ቀኙ ግን አለ። መቼ ልምጣ?"