ለዛፎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ዛፍ ለኪው በደን ጽሕፈት ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግል ከሜትርና ከእርሳስ ሌላ የጨበጠው ነገር አልነበረም። አዲሱ ኃላፊ ከቧንቧ ፋብሪካ ተዛውረው የመጡ ዕለት ግን ሥራው ሁሉ ተገለባበጠ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ለሥራ ሟች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ግን አንዱ ካንዱ የማይበልጥ ቧንቧ ሲቆጥሩ ነው።

"ባንድ ቀን፣ ባንድ አፈር የተተከሉ ናቸው አይደል?" አሉ የልኬቱን መዝገብ እያገላበጡ። "ታዲያ ይሄኛው አሥራ ስምንት ሜትር፣ ያኛው ዘጠኝ? ወይ ታሟል፣ ወይ ሰንፏል።"

"ጌታዬ፣ ዛፍ እኮ ነው። አንዱ ሥሩ ውኃ ያገኛል፣ አንዱ ድንጋይ ይገጥመዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሲፈጥረው ዝግ ያለ ነው።"

"ሰበብ ነው። ከአማካይ በታች ላሉት ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይድረሳቸው። ሦስት ወር ሰጥቻቸዋለሁ።"

አለቃ ያዘዘው ነውና ዛፍ ለኪው ማኅተም ያረፈባቸውን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤዎች ተሸክሞ ጫካ ገባ፤ መዶሻው በእጁ፣ ሚስማሩ በአፉ። ደብዳቤው ከመቸንከሩ በፊት ለዛፉ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ታዟል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሲያነብ አፈረ። ከመቶ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይዞህ፣ ለወጉ ነው" ማለት ጀመረ። ከሁሉም ለረዘመው ዛፍ ደግሞ በላስቲክ የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ሰቀለለት።

ቤቱ ገብቶ ሲያወራ ልብስ ሰፊ ሚስቱ መቀሷን አስቀመጠች።

"እኔስ? ትከሻህ ላይ እንኳ አልደርስም። የኔ ደብዳቤ መቼ ይመጣል?"

"አትቀልጂ።"

"አልቀለድኩም። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ስለካ፣ ልብሱ አልሆነህም ብዬ ባለቤቱን የተቆጣሁበት ቀን የለም።"

ሦስት ወሩ ሞላ። ዝናቡ ደህና ስለነበር ሁሉም በየአቅሙ ጣት ጣት አከለ። ኃላፊው አዲሱን አማካይ ሲያወጡ ሦስት መቶ አሥራ አራት ዛፎች ከሥሩ ቀሩ።

"ብሶባቸዋል" አሉ ፊታቸው ገርጥቶ።

"ጌታዬ፣ ሁሉም ሲያድጉ አማካዩም አብሮ ያድጋል። ሰማይ ቢደርሱም ከአማካይ በታች የሚሆን አይጠፋም። እኛስ ብንለካ ያው አይደለን?"

ምነው ባልተናገርኩ ብሎ ምላሱን ነከሰ፤ ግን አምልጦታል። ከጸሐፊዋ እስከ ዘበኛው ሠራተኛው በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ተለካ። ኃላፊው ራሳቸው በዘጠኝ ሳንቲም ከአማካይ በታች ወጡ። ጸሐፊዋና ሁለቱ ሾፌሮች ማስጠንቀቂያቸውን ተቀብለው እየተሳሳቁ ኪሳቸው ከተቱት። ኃላፊው ግን ሕግን ለሰው አውጥተው ለራሳቸው የሚያጥፉ ዓይነት አልነበሩም። ለራሳቸው ደብዳቤ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ከዚያም የሕመም ፈቃድ ወስደው ተኙ።

በሳምንቱ ዛፍ ለኪው ሊጠይቃቸው ሄደ። በሩን የከፈቱለት እናታቸው ናቸው።

"ልጄን ምን አገኘብኝ? ጠዋት ጠዋት ተጋድሞ ቁመቴን ለኪልኝ ይለኛል። አባቱም እኮ እንዲሁ አጭር ነበር፤ ሰማንያ ዓመት ሲኖር ጉንፋን እንኳ ደፍሮት አያውቅም።"

ኃላፊው ካልጋቸው ቀና አሉ። "እማዬ፣ አባዬ ጤነኛ ነበር?"

"እንደ ዓለት።"

ወደ ዛፍ ለኪው ዞሩ። "እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጫካ ገብቼበት አላውቅም።"

በማግስቱ አብረው ገቡ። ኃላፊው የታመመ አሳየኝ ቢሉት፣ ዛፍ ለኪው ዘጠኝ ሜትሩን አልፎ ምስጋና የተሰቀለበት ረጅሙ ዛፍ ሥር አቆማቸው። አናቱ ቅጠሉን አራግፏል፤ ከቅርፊቱ ሥር ነቀዝ የፈጨው ዱቄት ይረግፋል። ኃላፊው ግንዱን አንኳኩ። እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

"ውስጡ የለም!"

"ከሄደ ቆይቷል ጌታዬ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም።"

ኃላፊው ኮታቸውን አውልቀው ጉጠት ጠየቁ። ደብዳቤዎቹን ነቅሎ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀ። ሚስማር በነቀሉ ቁጥር ዛፉን "ይቅርታ" ይሉት ነበር፤ ዛፍ ለኪው አያስፈልግም ሊላቸው አስቦ ተወው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ላባቸውን ጠርገው፣ "አዲሱ ቅጽ ላይ 'ሆድ' የሚል ዓምድ ጨምር" አሉት።

"ምን ተብሎ ይሞላል?"

"አንኳኩተህ የሰማኸውን ጻፍ።"