አውጫጭኝ ላይ የተነበበ ልብ ወለድ

ፊደል ያስተማረኝ የለም። የቄስ ተማሪዎች ሲቆጥሩ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ ለቀምኩት። ስለዚህ ከመንደራችን ሴቶች እኔን የሚያህል የለም፤ የከፋው ይክፋው።

ያን ልብ ወለድ ከደብረ ማርቆስ ገበያ በአንዲት ዶሮ ለውጬ አመጣሁት። ለጎረምሶችና ለኮረዶች የተጻፈ ነው። አንዲት ተማሪ ጓደኛዋን የገደለባትን ሰው ስትፈልግ ስትፈልግ፣ በመጨረሻ ገዳይዋ ራሷ ሆና ታርፈዋለች። ገድላ ረስታው ኖሯል። እኔም ከጎተራው ጥላ ተቀምጬ ለአጎቴ ልጅ ለየኔዓለም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። ጓደኛዋ ወለተ ሰንበት፣ አብረው እንጨት ለቀማ ወጥተው ገደል ከገባች ገና ወር አልሞላትም።

"ሽታዬ፣ ሰው የሠራውን ይረሳል?" አለችኝ ፊቷ አመድ መስሎ።

"ይረሳል ይላል እኮ! ከጻፈው ልትበልጪ ነው?"

"በቃ፣ ዝጊው።"

አልዘጋሁም። እሷ ስትፈራ ንባቤ ያማረ መሰለኝ።

በሳምንቱ ጭቃ ሹሙ አያ ባምላኩ ስለ ሟቿ አውጫጭኝ ጠሩ። አገሬው ሴት ወንድ ሳይባል ከሾላው ሥር ተከተተ፤ የሚያውቀውን ሳያወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። በሁለተኛው ቀን የኔዓለም ተነሣች።

"እኔ ነኝ። ገፍቼያት ረስቼው ነው።"

እናቷ ጮኸች። እኔም ዘልዬ ተነሣሁ።

"አያ ባምላኩ፣ ቃሉ የእሷ አይደለም! ከመጽሐፍ ነው፤ እኔ ነኝ ያነበብኩላት።"

"መጽሐፍ ካለማ ምን ቀረን?"

"ልብ ወለድ ነው እኮ! ሰውዬው ከራሱ ፈጥሮ ነው የጻፈው።"

"አንቺ፣ ውሸት አሳትሞ የሚሸጥ አለ? እስቲ አንብቢው።"

ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ አነበብኩ። "የገደልኳት እኔ ነኝ" ከሚለው ስደርስ አንድ ሽማግሌ አማተቡ።

"ይኸው፣ ተጽፎባታል" አሉ ጭቃ ሹሙ። "ታስራ ደብረ ማርቆስ ትሂድ።" አንድ ሰው ገመድ ይዞ ተነሣ።

አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። መጽሐፉን ዘቅዝቄ ያዝኩት።

"ማንበብ አልችልም። ሁሉንም ከራሴ ነው ያወራሁት።"

ሳቁ በሾላው ሥር አስተጋባ። "ድሮስ! ዶሮ ሰጥታ ወረቀት የምትገዛ!" አለ አንዱ። ለማመን ምንም አልተቸገሩም። አያ ባምላኩም እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ልጅቱን ልቀቋት" አሉ።

የኔዓለም ብቻ አልሳቀችም።

"ሽታዬ ማንበብ ትችላለች" አለች። "ገጹን ስትገልጥ አጠገቧ ነበርኩ። መጨረሻውንም ሰምቼዋለሁ።"

ከዚያ ገመድ ወደያዘው ሰው ሄዳ ሁለት እጇን ዘረጋችለት።