የሚሸት ካፖርት

ቅዳሜ ጠዋት ሐመልማል እንደ ወትሮዋ ቀድማ ተነስታ ሻይ ጣደች። ልጇን ጥሩዬን ቀሰቀሰች። በረንዳው ላይ ያለውን ጤና አዳም ውሃ ልታጠጣ ወጣች፤ ዝናቡ ቀድሟት ስለነበር ተመለሰች። ቁርስ በሉ። ጥሩዬ ጫማዋን አድርጋ ስትወጣ፣ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ካፖርት እንደ ሁልጊዜው በትከሻዋ ታከከችው።

ካፖርቱ የአባቷ የበዛብህ ነበር። በዛብህ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ለብሶት የኖረ ነው። እሱ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ካፖርቱ ውሃ ነክቶት አያውቅም። ሐመልማል ልጇ ሳታይ ኮሌታውን ታሸት ነበር፤ የአውሮፕላን ነዳጅ፣ ላብ፣ ደግሞም ራሱን ሲያመው ደረት ኪሱ ውስጥ የሚከታት ጤና አዳም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ያን ዕለት በሩን ልትዘጋ ስትል ተመለሰችና ካፖርቱን አወረደችው።

“ማሚ፣ ዋይ? ለምን?” አለች ጥሩዬ።

“ለትምህርት ነው።”

ሐመልማል ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአማርኛ ተመርቃለች። አሁን አሜሪካ ናት፤ በአዘቦቱ ቀን ቤልቪው ከተማ ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ታነሳለች፤ ቅዳሜ ግን ሲያትል ካለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ አዳራሽ የሐበሻ ልጆችን አማርኛ ታስተምራለች። “መምህርት” ብሎ የሚጠራት ያ አዳራሽ ብቻ ነበር።

“ስም ብቻውን ራቁቱን ነው” አለቻቸው። “የሚያለብሰው ቅጽል ነው። ጥሩ፣ ቆንጆ፣ ትልቅ፣ ዛሬ ክልክል ናቸው።”

“ሶ ጥሩዬም ክልክል ናት?” አለ ናሁም።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሐመልማልም ፈገግ አለች። ካፖርቱን ወንበር ላይ ደገፍ አደረገችው።

“ካፖርት የወል ስም ነው። ካፖርት ካልን የማንም ሊሆን ይችላል። የማንም እንዳይሆን የሚያደርገውን ቅጽል አምጡልኝ። ኑ፣ ንኩት።”

ልጆቹ ከበቡት።

“የነተበ!”

“ብራውን!”

“በአማርኛ።”

“ቡናማ!”

“ክርኑ የሳሳ።”

“አንድ ቁልፍ የጎደለው” አለ ናሁም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።

ሐመልማል እየተቀበለች ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ስለ በዛብህ እሷ አፏን ሳትከፍት ሰው ያወራላት መሰላት፤ ደስ አላት።

“ጥሩዬስ?”

ጥሩዬ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ኮሌታው ውስጥ ከተተች። ቀና ስትል ፊቷ በርቶ ነበር።

“የሚሸት” አለች። “የሚሸት ካፖርት።”

ሳቁ ፈነዳ። ናሁም አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ “ስቲንኪ!” እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆችም አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ። ያልሳቁት የናሁም አያት፣ እትዬ እጅጋየሁ ብቻ ነበሩ። ከሳቁ የባሰውም የእሳቸው አለመሳቅ ነው።

“አይዞሽ ልጄ” አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉትም ሁሉም ሰምቷል። “ሐዘን እጅ ያስራል። እኔ ዘንድ ማጠቢያ ማሽኑ እቤት ውስጥ ነው፤ ስጪኝና አጥቤ ልመልስልሽ።”

ሐመልማል ፊቷ ጋለ።

“አይ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኛ አይደለም። ሰው የጣለውን ነው ለትምህርት ያመጣሁት።”

የማንም ሊሆን ይችላል ያለችው እውነት ሆነ።

“ባት ማሚ… ግን…” አለች ጥሩዬ።

“ተቀመጪ።”

“የሚሸት” የሚለውን ሰሌዳው ላይ አልጻፈችውም።

ኬንት ወዳለው ቤታቸው ተመለሱ። ሐመልማል መኪናውን ፓርክ አድርጋ ወደ ቤት ሳትገባ ሕንፃው ሥር ወዳለው ላውንድሪ ወረደች። ውሃውን የመጨረሻው ሙቀት ላይ አደረገች። ሳሙናውን እጥፍ ጨመረች። ካፖርቱ በመስታወቱ ውስጥ ሲገለባበጥ እያየች፣ “አይዞሽ ልጄ” የሚለው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም። ሲደርቅ ተኮሰችውና ቦታው ሰቀለችው።

ጥሩዬ ከክፍሏ ወጥታ ኮሌታውን ያዘች። አሸተተች። ሌላኛውን ጎን ገልብጣ ደግማ አሸተተች።

“አሁን አይሸትም” አለች።

“ታጠበዋ።”

“ማሚ፣ መጥፎ ነው አላልኩም እኮ። አባቢን ነበር የሚሸተው። ኤቭሪ ደይ ነው የማሸተው። ቃሉን አላወቅሁትም።”

ሐመልማል ቃሉን ታውቀው ነበር። “አባቢ አባቢ የሚሸት” በይ ብትላት ኖሮ የሚስቅ አይኖርም ነበር፤ ቢስቁም ለደግ ነበር። ቃል ያጠራት ልጅ ፊቷ ቆማ ሳለ፣ መምህርቷ ያየችው ወላጆቹን ነው። ባሏን በሰው ፊት “የእኛ አይደለም” ብላዋለች፤ ልጇም ሰምታለች።

“ጠረን ይባላል” አለቻት።

“ጠረን” አለች ጥሩዬ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። ስታልፍ ካፖርቱን አልታከከችውም።

ሐመልማል ኮሌታውን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ሳሙና ነው። ነዳጁ የለም፤ ጤና አዳሙም የለም። የበዛብህ ጠረን የለም።