እናታችን ያረመችው ሩዝ

አባታችን በሞተ በዓመቱ እኔና ታላቅ ወንድሜ የሩዙን ማሳ ለሁለት ከፈልነው። ለመካፈል አልነበረም፤ ተቆርሶ አንዱን ቤት እንኳ አያጠግብም። ለመወራረድ ነበር። ጋሼ እንደ አባታችን ችግኝ አፍልቶ፣ ነቅሎ፣ ውሃ በተኛበት ጭቃ ላይ ይተክላል። እኔ ዘሩን እርጥብ መሬት ላይ በመስመር እዘራለሁ። የግብርና ባለሙያዋ ምርቱን፣ ውሃውንና የሰው ጉልበቱን ትመዘግባለች። ከሦስቱ በሁለቱ የበለጠ ማሳውን ጠቅልሎ ይወስዳል። የተሸነፈ እናታችንን ይወስዳል።

አዎ፣ እንደዚያ ነው የተባባልነው። እናታችን ጓዳ ነበረች። ትሰማለች ብለን ድምፃችንን እንኳ ዝቅ አላደረግንም።

"የእናታችሁ ሥራስ ይቆጠራል?" አለች ባለሙያዋ መዝገቧን ገልጣ።

"እናት ደግሞ የምን ጉልበት ናት!" አለ ጋሼ፤ እኔም ሳቅሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እኛ ግን በክፋት አንድ ነበርን።

የውሃው ብልጫ በእጄ ነበር። ጋሼ ቦዩን ቀን ከሌት ከፍቶ ሲያጥለቀልቅ እኔ በሳምንት አንዴ ብቻ እከፍታለሁ። ጉልበቱም የእኔ ነው ብዬ ነበር። እሱ አሥራ አራት ሰው አራት ቀን ሙሉ አስጎንብሶ ሲያስተክል፣ እኔ ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ጠዋት ዘርቼ ጨረስኩ። አንድ ጣጣ ብቻ አለው፤ እንዲህ የተዘራ ሩዝ ከአረም ጋር እኩል ይበቅላል። ቁርጥ ሩዝ የሚመስል ሣር አለ። እኔ ዘለላ እስኪያወጣ አልለየውም። እናቴ ግን ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ ታውቀዋለች።

"ሰው አትቅጠር የኔ ጌታ፤ እኔ አርምልሃለሁ" አለችኝ።

ደስ አለኝ። የማይቆጠር ጉልበት በእጄ ገባ ማለት ነው። አምስት ሳምንት ስታርም ከረመች። ወገቧን ይዛ ስትገባ አያታለሁ፤ እህል ቀምሳ እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ዘለላው ሲወጣ ጉዱ ወጣ። ከግማሽ በላይ ማሳዬ ሣር ነው። ሩዙን እየለየች ነቅላ ሣሩን ትታዋለች። በድንጋጤ ሃያ ሰው ቀጥሬ ሦስት ቀን አሳረምኩ። ባለሙያዋ አንድም ሰው ሳትዘል ሃያውንም ጻፈች።

በሚዛኑ ቀን የጋሼ ሃያ ስምንት ጆንያ ሆነ፣ የእኔ አሥራ አንድ።

"ውሃው ያንተ ነው። ምርቱና ጉልበቱ የወንድምህ" አለች ባለሙያዋ፣ ዓይኔን ሳታይ።

እናቴ ጆንያዎቹ አጠገብ ቆማለች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ልብሷን ጠቅልላ ይዛ መጥታለች።

"አውቀሽ ነው?" አልኳት።

"ወንድምህ ጋ እንዳልሄድ ነው፣ ልጄ። እሱ ይሰድበኛል። እኔ ካንተ ጋር መኖር ነው የፈለግሁት።"

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ከእኔ ጋር ለመኖር ብላ መኖሪያዬን ነቀለችው። ሆዴ ሊባባ ቃጣው፤ ከለከልኩት።

በቀጣዩ ወቅት መሬት የሌለው ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ጋሼ ማሳ ላይ ለተከላ ተቀጠርኩ።

"ብቻህን ነህ እንዴ?" አለ ጋሼ። "እሷንም አምጣት እንጂ። እንደሷ የሚተክል የት ይገኛል!"

አመጣኋት። ጉልበቷ አሁን ይቆጠር ጀመር፤ ሒሳቡን የምቀበለው እኔ ነኝ። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብታ እስከ እኩለ ቀን ተከለች። ከዚያ ቀና ልትል ሞከረች፣ አልቻለችም።

"ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ?"

"መርጠሽ ነው የመጣሽው። ትከዪ" አልኳት።

አንገቷን ማንሳት ስላቃታት ፊቷን ወደ ውሃው እንደደፋች መለሰችልኝ።

"እሺ የኔ ጌታ። ብቻ ማታ አብረን ነው የምንገባው፣ አይደል?"

አንድ እስር ችግኝ ፊቷ ወረወርኩላት።