አራት ባትሪና አንድ ጣሳ በረዶ

ገነነ መቀመጥ አያውቅም፤ ይህን የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ መኪና ነድቷል፣ መጀመሪያ አሰብ፣ አሰብ ሲዘጋ ጅቡቲ። እቤቱ ከሦስት ቀን በላይ ካደረ ጎረቤት "ምነው፣ ታመመ እንዴ?" ይል ነበር። ልጁ ያምሮት ስትወለድ እሱ አፋር በረሃ ላይ ጎማ ይቀይራል። ለክርስትናዋም አልደረሰ።

ሥራውን ያስተወው ዕድሜ አይደለም። ባለቤቱን ታንጉትን ስኳር ይዟት ኖሮ፣ እሱ መንገድ ላይ ሳለ ጓዳ ወድቃ ጎረቤት ነው ያነሳት። ያን ጊዜ ደንግጦ "ሚካኤልን! ሁለተኛ ያለ አንቺ ከዚህ ግቢ ውጭ አላድርም" ብሎ ማለ። መማል ምን ይከብዳል! በስድስተኛው ወር ግቢው ጠበበው። ሲነጋ በሩ ላይ፣ ሲመሽ በሩ ላይ፤ ሰው ሲያናግረው ጆሮው አስፋልቱ ላይ ነው።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ዓመት፣ በኅዳር፣ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ መጣ። ወንበሩን ነቃቅሎ ፍራሽ አነጠፈ፣ ምድጃ አስገባ፣ አምፖል ሰቀለ፣ ከጅቡቲ ያመጣትን ትንሽ የመኪና ፍሪጅ ጥግ ላይ አሰረ። ቤት ሆነች። ሐሳቡ ታንጉትን ጭኖ መጀመሪያ ግሽ ዓባይ ጠበል መውረድ ነው። ከዚያማ የት እንደሚቆም እሱም አያውቅ።

ታንጉት ገብታ ዙሪያውን አየች። "ታምራለች" አለች። "ግን የእኔ መርፌ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ማታ ማታ አንድ ጣሳ በረዶ ፍሪጅህ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሞተር ሳታስነሳ በረዶ እንደሆነ ካደረ፣ ያኑ ዕለት እሄድልሃለሁ። ከቀለጠ ግን የትም አልሄድ። አንተም መሐላህን ታውቃለህ።"

"ይቺማ ምን አላት!" አለ ገነነ።

አራት አዳዲስ ባትሪ ገዛ። ችኩል አይደል? እንደ ለመደው ተሳቢ አንዱን ከሌላው ጭራ ቀጣጥሎ ሲያበራው አምፖሉ ጧ ብሎ ፈነዳ። ደግነቱ ፍሪጁ ገና አልተገናኘም። ታንጉት በርበሬዋን እየቀነጠሰች "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችው።

አማራጭ አጥቶ ቡሬ ደወለ። ይሄይስ የሚባለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ገና ሲያየው ሳቀ።

"አያ ገነነ፣ እንዲህ ካሰሯቸው ቮልቱ ይደመራል። የከባድ መኪና አሠራር ነው። ይህቺ የምትፈልገው አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቩ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቩ ያገናኟቸው። እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን። ያን ጊዜ አቅማቸው ይበዛል እንጂ ቮልቱ አይጨምርም።"

ጎን ለጎን ታሰሩ። ፍሪጁ እም... ማለት ጀመረ። ገነነ ደስ ብሎት ይሄይስን እስከ መናኸሪያ ሸኘ፤ ካልሲውን ሳይቀር ያኑ ማታ ሸክፎ አደረ።

ጠዋት ጣሳውን ሲያወጣ ውሃ ነው።

"ጉድ ነው!" አለና ባትሪዎቹን ለካ። ሙሉ ናቸው። ፍሪጁም እም ይላል። ያን ቀን ሽቦውን ሁሉ ፈትቶ ፍቆ አሰረ። በማግስቱም ውሃ። በሦስተኛው ቀን ወፍራም ሽቦ ገዝቶ ቀየረ፤ ውሃ። በአራተኛው ለይሄይስ ደወለ።

"ባትሪው ሙሉ ከሆነማ፣ አያ፣ ሌሊቱን ፍሪጁ አልሠራም ማለት ነው" አለው ይሄይስ።

"እየሠራ ነው እኮ የምልህ! ትቼው ስገባም ይሠራል፣ ስነሳም ይሠራል!"

ስልኩን ዘጋው። በዚያ አራት ቀን የሸከፈውን ካልሲ አራት ጊዜ ፈትቶ አራት ጊዜ ሸክፏል። አስፋልቱ ላይ መኪና ማርሽ በቀየረ ቁጥር የእሱም እጅ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

በአምስተኛው ጠዋት ጣሳው ደግሞ ውሃ ሆኖ አደረ። ገነነ ከባትሪዎቹ ፊት ተንበረከከ፤ የፍሪጁ ሽቦ የተያዘበትን የመጀመሪያውን ባትሪ ማሰሪያ ብሎን በጣቱ ነካክቶ፣ ላቡ ቢያስቸግረው ዓይኑን አሸት አደረገ። ከዚያ ጩኸቱ ሰፈሩን አናወጠው።

"አሲድ! ዓይኔ ጠፋ! ታንጉት፣ ዓይኔ!"

ታንጉት ውሃ በጆግ ይዛ በሩጫ መጣች። ራሱን ይዛ እያፈሰሰችለት "አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ፣ አሲድ አይደለም! በርበሬ ነው፣ የእጄ በርበሬ ነው!" አለች።

ውሃው አለቀ።

ገነነ በአንድ ዓይኑ እጇን አየ። ጣቷ ቀልቷል። "አንቺ ነሽ የምትፈቺው" አለ።

"አዎ። አንተ ስትተኛ አላላዋለሁ። ሳትነሳ መልሼ አጠብቀዋለሁ።"

"አምስት ቀን ሙሉ አሳበድሽኝ እኮ! ለምን?"

"አምስት ቀን ምሳህን ከእኔ ጋር በላህ፣ ለዚያ ነዋ!" አለች። "ከተጋባን ጀምሮ አምስት ቀን ተከታትለን ምሳ በልተን እናውቃለን? እስቲ ንገረኝ! ሥራ ከተውህ ወዲህ እንኳ በሩ ላይ ቆመህ ነው የምትጎርስ። ሠላሳ ዓመት በር በሩን ሳይ ኖርሁ። አሁንስ መጣልኝ ስል፣ ለካ ቤቱንም ጎማ ልታበቅልለት ኖሯል!"

"ታዲያ እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም?"

"ነግሬህ ነበር። በየጊዜው ነግሬህ ነበር። አንተ ሞተር ታስነሳ ነበር።"

የገነነ ንዴት ግን አልበረደም። ማታ ብሎኑን ራሱ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ታንጉት ጣሳዋን አስቀምጣ "ዛሬ አልነካውም፣ እግዜር ያየኛል። በረዶ ሆኖ ካደረ ነጠላዬን ለብሼ እወጣለሁ። ቃል ቃል ነው" አለችው።

ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ፍሪጁን ከፈተ። ጣሳውን ገለበጠው፤ ጠብ የሚል የለም። ድርቅ ያለ በረዶ! ልቡ ዘለለ። በቡሬ፣ በጥልሊ አድርጎ ለምሳ ግሽ ዓባይ። ከዚያ መንገዱ ወዳደረሰው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

ወደ ቤቱ ዞር ቢል የጓዳው መስኮት ክፍት ነው፤ ታንጉት እውነትም ነጠላዋን ለብሳ፣ የቤቱን ፍሪጅ ከፍታ መድኃኒቷን በትንሽ ዘንቢል ትከታለች። አንዷን ብልቃጥ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ከዚያ ምንም ሳትይዝ ቆማ ጓዳዋን አየች። ገነነ ይህን አቋቋም ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት በመኪናው መስታወት እያየው ነበር የሚሄድ።

በረዶውን ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ደፋው።

"ታንጉት!" ብሎ ጮኸ። "ዛሬም ቀለጠ!"

ታንጉት ወጣች። ባዶውን ጣሳ አየች። ከማንጎው ሥር ገና ያልቀለጠውን የበረዶ ድቡልቡል አየች። ባሏንም አየችው፤ አንድ ዓይኑ ገና ቀይ ነው።

"ወይ ጉድ" አለች ቀስ ብላ። "ምን ይሻላል?"

"ባትሪው ይሆናል። ነገ እንደገና መፍታት ነው።"

"ነገ ብቻ?"

"ከነገ ወዲያም።"

ነጠላዋን አውልቃ ገባች። ምሳ ቀርቦ ሲቀመጡ አስፋልቱ ላይ አንድ ተሳቢ እያጓራ አለፈ፤ የገነነ ቀኝ እግር ከገበታው ሥር ነዳጅ መስጫ ፍለጋ ወለሉን ይረግጥ ጀመር። ታንጉት እግሯን እግሩ ላይ ጫነችበት። እግሩ ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ ገነነ ጎረሰ።