ከርነሉ የተናዘዘበት ቀን

በስክሪኑ ላይ ሃያ ሦስት የጥያቄ ምልክቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ትናንትም ፕሮግራም ጸሐፊዋ ስትቆጥራቸው ሃያ ሦስት ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ቦታ ስም መኖር ነበረበት፤ ኮምፒውተሩ ከመሞቱ በፊት የትኛው የፕሮግራም ክፍል የትኛውን እንደጠራ፣ በመጨረሻም በማን እጅ ላይ እንደወደቀ የሚናገር ስም። ከዚያ ይልቅ ጥያቄዋን መልሶ እሷኑ ይጠይቃታል። አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ጣሪያውን አየች፤ ጣሪያውም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታቸው የሚንከባከበው አንድ ኮምፒውተር በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተቀምጦ የአሥራ አራት አልጋዎችን የልብ ምት ይሰበስባል። ከአምስት ወር ወዲህ ግን በየሁለት ሳምንቱ ድንገት ድርቅ ይላል። እስኪነሳ ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ነርሶቹ ከአልጋ አልጋ እየሮጡ የልብ ምቱን በእጃቸው ይቆጥራሉ። እስካሁን ክፉ ነገር አልደረሰም። ነርሶቹ ግን የሩጫ ጫማ ማድረግ ጀምረዋል ይባላል።

የሚወድቀው ደግሞ ተራ ፕሮግራም አይደለም፤ ራሱ ከርነሉ ነው፤ ከሁሉም በታች ሆኖ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚሸከመው። እሱ ሲወድቅ ቆሞ የሚመሰክር አይተርፍም። አንድ ቀን አንዲት ነርስ በሞተው ስክሪን ላይ የቀረውን ጽሑፍ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከች። የሚታየው የጽሑፉ ጅራት ብቻ ነበር፤ የላይኛው ተገፍቶ ከስክሪኑ ወጥቷል። በመጨረሻው መስመር ላይ ግን አንድ ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ከአልጋዎቹ የሚመጣውን ቁጥር ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሚቀበለው ክፍል ስም። ያንን ክፍል የጻፉት የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ፣ ጋሽ ምድር ቤት፣ ናቸው። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ታተመ፣ ስብሰባ ላይ ተነበበ፤ ጥፋተኛው ታወቀ ተባለ። በስልክ ፎቶ ፍርድ ተሰጠ።

ጋሽ ምድር ቤት የሚለውን ስም ያወጡላቸው ወጣቶቹ ናቸው፤ ሥራቸው ሁሉ ሌላው ሰው ወርዶ በማያየው በታችኛው የኮምፒውተሩ ክፍል ስለሆነ ነው። እሳቸውም ስሙን ወደውታል፤ ምድር ቤት ከሌለ ፎቅ የለም ይላሉ። ሃያ ዓመት ሲያሳምሩት የኖሩት የመቀበያ ክፍል ተነቅሎ እንዲጣል፣ እሳቸውም ከነገ ጀምሮ ስልክ ወደሚያነሱት ሠራተኞች እንዲዛወሩ የሚወሰነው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ኃላፊው ደብዳቤውን ጽፎ ጨርሷል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

እሷ ግን ፎቶውን ካየች ቀን ጀምሮ አልዋጥ ብሏታል። ኮምፒውተሩ ሲሞት በማስታወሻው የያዘውን ሁሉ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ገልብጦ ነው የሚሞተው፤ ደምፕ ይሉታል። ምስክሩ ያለው እዚያ ነው፤ የጠፋው የሚያነበው ነው። ዲበገራቸው፣ ያ የፕሮግራም ጉድለት ፈልፍለው የሚያወጡበት ቤት ያፈራው መሣሪያ፣ ሕያው ፕሮግራም እንጂ የሞተ ከርነል መመርመር አያውቅበትም። ከውጭ የሚገኙት መሣሪያዎች ደግሞ የእነሱን እዚህም እዚያም የተቀየረ ከርነል ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ፣ ከሥራ የተረፋትን ሰዓት ሁሉ እየሰረቀች፣ ዲበገሩን ደምፕ ማንበብ ስታስተምር ከረመች። ባልደረቦቿ ይህን አይተው ጠበቃ አሏት። እናቷ የምትለው ይብሳል፤ ልጄ የሞተ ታናግራለች፤ እስካሁን አቤት ያላት የለም።

ከትናንት ወዲያ ግማሽ አቤት መጥቶ ነበር። ዲበገሩ ደምፑን ከፈተና በስንት ሰዓት እንደሞተ ነገራት፤ ሰዓቱ ከነርሶቹ መዝገብ ጋር እስከ ሰከንዱ ገጠመ። ብቻዋን በሳቅ ፈነዳች፤ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ደህና መሆኗን ጠየቃት። ማን እንደገደለው ስትጠይቀው ግን ሃያ ሦስት የጥያቄ ምልክት።

እስከ ቀትር ኮዷን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበችው። ስህተት የለበትም። ይህ ነው የሚያናድደው፤ ስህተት የሌለበት ነገር አይሠራም። በመጨረሻ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ሽማግሌው ክፍል ሄደች።

ጋሽ ምድር ቤት መጻሕፍታቸውን በካርቶን እያሸጉ ነበር። ቴፑ አልላጥ ብሏቸው በጥርሳቸው ይዘውታል። ምን ልትል እንደመጣች ሳትናገር ገባቸውና፣ ልጄ ተይው፣ ስልክ ማንሳትም ሥራ ነው አሏት። ሦስት ወር ሙሉ ያሉት ይህንኑ ነው። እሷም ተስፋ መቁረጣቸው ነው ብላ ስታዝን ኖራለች። ዛሬ ግን አልሰማቻቸውም፤ ካርቶኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ችግሯን ዘረገፈችው። ከርነሉ በተነሳ ቁጥር፣ ሰርጎ ገቦች እንዳያውቁበት፣ ማስታወሻው ውስጥ አዲስ ቦታ ይይዛል፤ እሷ ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ከፋይሉ ታገኛለች፤ ያንን ከእያንዳንዱ አድራሻ ትቀንሳለች፤ የተስተካከለውን አድራሻ ዲበገሩ ውስጥ ስም ለሚፈልገው ክፍል ትሰጠዋለች።

ሽማግሌው ቴፑን ከአፋቸው አወጡ።

«ስም ፈላጊውን የጻፈው ማነው?»

«እንጃ። ከኔ በፊት ነበር።»

«እኔ ነኝ። እሱ የመጣለትን አድራሻ ራሱ ነው የሚያስተካክለው። አንቺም አስተካክለሽ ከሰጠሽው ሁለት ጊዜ ተስተካከለ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ የተስተካከለ ነገር፣ ባልና ሚስት ተራ በተራ ጨው እንደጨመሩበት ሾርባ ነው።»

አመሰግናለሁ ማለቱን ረሳችው። ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጣ ወንበሯ ላይ ስትወድቅ ወንበሩ ይዟት እስከ መስኮቱ ሄደ። በእግሯ እየገፋች ተመለሰች። ከሦስት ወር ድካሟ ውስጥ አንዲት መስመር ሰረዘች። ደምፑን እንደገና ከፈተች፤ ማን ገደለህ አለችው።

ሃያ ሦስት ስም ተዘረገፈ።

ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ነው የመጣው። ወንበሯ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረች፤ አራተኛውን ስትጀምር የጎን ባልደረባዋ በእጁ አቆማት። ስሞች! የምታውቃቸው፣ በየቀኑ የምታያቸው ስሞች፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ እንደ ሰልፈኛ ተራቸውን ጠብቀው። የሞተው ነገር አፍ አውጥቶ እያናገራት ነው፤ አፉን የሠራችለት ደግሞ እሷ ናት። እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ያህል ነው የገጠማት።

ከታች ጀምራ አነበበች። በመጨረሻው መስመር ላይ የጋሽ ምድር ቤት የመቀበያ ክፍል አለ፤ መኖርም አለበት፤ ቁጥር ሁሉ የሚገባው በዚያ በር ነው። በር ላይ የቆመ ሁሉ ሌባ አይደለም። ሽማግሌው የመጣውን ቁጥር በሥርዓቱ ተቀብለው ወደ ላይ አሳልፈዋል። ከዚያ በላይ ያለውም ደህና፤ ከዚያ በላይ ያለውም። ጣቷ መስመር በመስመር እየወጣ የመጨረሻው ጫፍ ላይ፣ ከርነሉ ሕይወቱ ያለፈበት ስም ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ።

ስሙን የእጅ ጽሕፈቷን እንደምታውቀው ታውቀዋለች። በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የጻፈችው ነው። ሥራው የመጣውን የልብ ምት በአልጋው መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ነርስ አልጋውን ስትዘጋ መዝገቡ ይፈርሳል። ልክ በዚያች ቅጽበት አንድ ምት ዘግይቶ ከመጣ፣ የእሷ ኮድ መዝገቡ መኖር አለመኖሩን ሳያይ ገብቶ ይጽፋል። የፈረሰ ቤት ውስጥ ዘው ማለት ነው። ቅጽበቷ ጠባብ ስለሆነች ለረጅም ጊዜ ሳትገጥም ኖራለች፤ ክፍሉ አልጋ ሲጨምር ግን መግጠም ጀመረች።

ጠበቃዋ ደንበኛዋን ነጻ አውጥታ ራሷ ገባችበት።

ፊቷ ጋለ። ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናት፤ በምሳ ሰዓት ሳትደውል የዋለችበት ቀን የለም።

«ተናገረ?» አለች እናቷ።

«ተናገረ።»

«ማነው አለ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። እኔን ነው ያጋለጠኝ።» ይህን ስትል ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁን ማቆምም አቃታት።

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«ትክክል ነዋ! የተናገረው ትክክል ነው።»

«አንቺ ያሳደግሽው አይደል» አለች እናቷ፤ «ምን ሊዋሽ ነው። ምሳሽን በላሽ?»

አልበላችም። ገጹን ልታትም ስትል አንድ ሐሳብ በአእምሮዋ ሽው አለ። ደምፑን የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። የላይኛዋን አንዲት መስመር ብትቆርጣት ሽማግሌው ነጻ ይወጣሉ፤ የእሷም ስም አይነሳም። ያ ግን ከነርሷ ፎቶ በምን ይለያል? ላይኛው የተቆረጠ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ሰው በልቷል። ሐሳቡ እንደመጣ ሄደ፤ እንዲህ መቅለሉ እሷንም ገረማት። ሃያ ሦስቱንም መስመር አተመች።

አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊው በጠረጴዛው ራስ ተቀምጧል፤ ደብዳቤው ከፊቱ ነው። ሽማግሌው ከጥግ በኩል፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ መንገደኛ ይመስላሉ። እሷ ኮምፒውተሯን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኝታ ከፎቶው ጀምራ አስረዳች፤ ፎቶው የትኞቹን መስመሮች እንዳሳየ፣ የትኞቹን እንዳስቀረ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚቸኩል ሰው ነው። ፎቶውንና ስክሪኑን እያፈራረቀ አየና አንገቱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ።

«ይሄ ከላይ ያለው የማነው ታዲያ?»

«የኔ ነው» አለች።

«የለም» አሉ ከጥግ ሽማግሌው፤ «የኔ ነው።»

ሁሉም ዞሩ። እሳቸው ብድግ ብለው፣ ያን ኮድ እሷ ጀማሪ ሳለች መርምረው ያጸደቁት እሳቸው መሆናቸውን፣ ይለፍ የሚለው ቃላቸው ዛሬም ሥሩ ተጽፎ እንዳለ ተናገሩ። ጥፋቱ ከዚያ ኮድ እንደሆነም ፎቶው የመጣ ዕለት ጠርጥረው ነበር።

«ጠርጥረው ነው ሦስት ወር ተይው ሲሉኝ የከረሙት?» አለች። እንባዋና ንዴቷ አብረው መጡ።

«ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም፣ ልጄ። ዝም ብዬ ጣቴን አንቺ ላይ ልቀስር? እኔ ጫንቃዬ ለምዷል።»

«ጫንቃዎትን ማን ለመነዎት? ጥፋቱ የኔ ነው!»

«ያጸደቅሁት እኔ ነኝ አልኩ እኮ!»

ኃላፊው በሥራ ዘመኑ ጥፋት ሲገፈተር እንጂ ሲሻሙበት አይቶ አያውቅም። አንድ ራስ ሊቆርጥ መጥቶ ሁለት ራስ ተደቅኖለታል። እጁን አንስቶ አስቆማቸው። ለማስተካከል ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀ። ሁለቱም እኩል፣ ሁለት መስመር ነው አሉ፤ እኩል መናገራቸው ራሳቸውንም አሳቃቸው። ኃላፊው ደብዳቤውን አጥፎ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ከተተው።

«እንግዲያው ጥፋቱን ነገ ጠዋት ተካፈሉት» አለና ለመውጣት ተነሳ።

ሽማግሌው ግን ስክሪኑን እያዩ ነበር። ወንበራቸውን ስበው ከአጠገቧ ተቀመጡ።

«ሌላስ ምን ያውቃል?»

«በሞተባት ቅጽበት የነበረውን ሁሉ።»

«አልጋዎቹንም?»

ጻፈች። አሥራ አራት መስመር መጣ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በአንዲት ሰከንድ፣ የአንድ ሙሉ ክፍል ልቦች። ሽማግሌው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ያነቡ ጀመር፤ አልጋ አንድ፣ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት፤ አልጋ ሁለት፣ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ። ቁጥሮቹ ሃያ ዓመት ሙሉ በበራቸው ሲያልፉ እሳቸው አንዱንም ከፍተው አላዩም ነበር፤ የእሳቸው ሥራ ማሳለፍ ነው።

አልጋ አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ቁጥር የለም፤ ተዘግቷል ይላል።

«ያች ቅጽበት ናት» አለች። «ነርሷ ዘግታዋለች፤ ሕፃኑ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ገመዱ ግን ገና ከደረቱ አልተነሳም። ቆይ፣ እርስዎ በር ላይ የደረሰ አንድ ነገር አለ።» የመቀበያውን ክፍል ከፈተችው። ዘግይቶ የመጣ፣ መግቢያ ያጣ አንድ ቁጥር ብቻውን ተቀምጧል።

«አንድ መቶ አርባ አራት» አሉ ሽማግሌው። ቁጥሩን ደግመው አሉት። «እየወጣ ሳለ።»

ኃላፊው በሩን እንደያዘ ቆሟል። እጀታውን ለቀቀ፤ ተመልሶ መጥቶ በሁለቱ መካከል ወንበር ሳበ።

«ከአልጋ አንድ ጀምሩልኝ» አለ።